ሁለተኛዋ ንግሥት

ባለፈው ሳምንት መምህራችን ሁለት የቼዝ ፕሮግራሞችን እርስ በርስ አጫውተው በኮምፒውተር ቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ አሳዩን። ጨዋታው እንዳለቀ ሌላ ፕሮግራም ከፈቱና ስህተቶቹን በቀይ ምልክት ለየላቸው። ሁሉም ነገር ሻይ ተቀድቶ እስኪቀዘቅዝ እንኳ አልፈጀም። ብዙዎቹ የክፍል ጓደኞቼ የልጆቼ እኩያ ናቸው፤ ተደስተው አጨበጨቡ። እኔ ርእሱን በጥንቃቄ ጽፌ ከሥሩ ካሰመርኩ በኋላ እጄ ቆመ። ከአሮጌዎቹ ማሽኖች የጋለ አቧራ ሽታ ይወጣ ነበር። ያ ሽታ ጁባ፣ ሀይ ጀላባ ሰፈር፣ ከጋሽ ተካ ሆቴል የሒሳብ መቀበያ ጀርባ ወስዶ አስቀመጠኝ። መምህራችን ስለ ትምህርቱ ያሰብነውን እንድንጽፍ አዘዋል። በዚህ ዕድሜዬ የአንደኛ ዓመት ተማሪ በመሆኔ ትእዛዝ ባጎድል ይቆጨኛል፤ ስለዚህ ያሰብኩትን ሳልቀንስ እጽፋለሁ።

ያን ጊዜ ጁባ ገና ከተማ ልትሆን የምትንደረደርበት ጊዜ ነበር። ሆቴል የሚባለው ግማሹ ድንኳን፣ ግማሹ ቆርቆሮ ነው። የእኛው ከጭነት ኮንቴይነር የተሠሩ ክፍሎች ስለነበሩት እንደ ትልቅ ይቆጠር ነበር። ቲማቲምና ሽንኩርት ከኡጋንዳ በጭነት መኪና ይመጣሉ። መንገዱ በዝናብ ሲቆረጥ አንድ ኪሎ ቲማቲም አዲስ አበባ ላይ ከነሻዩ ምሳ በሚያበላ ዋጋ ይሸጣል። የታጠበ ልብስ ከቀትር በፊት ይደርቃል፤ ግን ካልቸኮሉ ቀዩ አቧራ ቀድሞ ይለብሰዋል። የሀገሩ ሴቶች በአንድ ትከሻቸው ላይ የሚቋጥሩት ባለ አበባ ጨርቅ በጣም ያምረኝ ነበር። ገበያ ወርጄ አንድ ገዝቼ፣ ጋሽ ተካ እንዳይስቁብኝ ብዬ ክፍሌ ውስጥ ብቻ እለብሰው ነበር። ከማዕዘኑ ሱቅ የኮንጎ ጊታር፣ ከእኛ ግቢ የጋሽ ተካ ያረጀ የትዝታ ካሴት ይወጣና መንገዱ መሐል ይደባለቃሉ። የትኛው ዜማ የማን እንደሆነ ለመለየት የሚቆም ሰው አልነበረም። አሁን የምፈልገውን ዘፈን ሁሉ ስልኬ ውስጥ አገኛለሁ፤ ያንን ድብልቅ ግን የት ብዬ ልፈልገው?

ቱት የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ነበር። ኑዌር ነው፤ ያደገው ግን ኢትዮጵያ ውስጥ፣ በስደተኞች ካምፕ ነው። በሰላሙ ጊዜ ወደ ሀገሩ ሲመለስ አማርኛውን ይዞት ተመለሰ። ከእንግዳ ጋር በእንግሊዝኛ፣ ገበያ ላይ በጁባ ዓረብኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ፣ ሲናደድ ደግሞ ለማናችንም በማይገባን ኑዌርኛ ይናገራል። የሀገሩ ሰዎች በአነጋገሩ «ሐበሻ» ይሉታል፤ የእኛ ሹፌሮች ደግሞ በቁመቱ «የናይል ምሰሶ» ይሉታል። እሱ ለሁለቱም «ማፊ ሙሽኪላ» ብሎ ያልፋል፤ ችግር የለም ማለቱ ነው። ከጀበል ሰፈር በእግሩ እየመጣ ነጭ ሸሚዙ ላይ አንዲት የአቧራ ነጥብ እንዳታርፍ የሚያደርገው እንዴት እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ክንድ የሚያዝል አሮጌ ላፕቶፕ ነበረው። ጀነሬተሩ በሚሠራባቸው ሰዓቶች ከመቀበያው ሥር ሰክቶ፣ ሽፋኑ ከተገነጠለ የፕሮግራም መጽሐፍ እያነበበ፣ ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራም ይጽፍ ነበር። ሥራው ብዙ የዝናብ ወራት አልፎበታል። እሁድ እሁድ ደንበኞቻችን ከፕሮግራሙ ጋር ይጫወታሉ፣ ይሸነፋሉ፣ ይሳደባሉ፣ ቢራ ይጨምራሉ። ጋሽ ተካም ለዚህ ሲሉ የመብራቱን ነገር ዝም ብለውታል።

ከሆቴላችን አንዱን ክፍል ለወራት የተከራየ ኢንጂነር ኦቲዬኖ የሚባል ኬንያዊ ነበር፤ ኢንተርኔት ለሚዘረጋ ድርጅት ይሠራል። ድርጅቱ ከጁባ አንድ ሰው መርጦ ናይሮቢ ሊያሠለጥንና መልሶ ሊቀጥር መሆኑን ለቱት የነገረው እሱ ነው። ቱት የትምህርት ማስረጃ አልነበረውም፤ ከካምፕ ወደ ካምፕ ሲባል ጠፍቷል። ኦቲዬኖ ጥቂት አሰበና፣ «ማስረጃህ ይኼ ፕሮግራም ይሁን። አለቃዬ እሁድ ይመጣል። ከእኔ ፕሮግራም ጋር እናጋጥመው። ማሸነፍ አይጠበቅበትም፤ የእኔው ተገዝቶ የመጣ ነው። ጨዋታውን በሚገባ እንደሚያውቅ ካሳየ ይበቃል» አለው። ቱት ይህን ሲነግረኝ የሸሚዙን አንገት ደጋግሞ ያስተካክል ነበር። «ሰኒ፣ ይኼ በር ከተዘጋ ሌላ በር የለኝም» አለኝ። ከዚያ በኋላ እንኳን እሱ፣ እኔም በደንብ አልተኛሁም።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ላፕቶፖች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡ። ባለቤቶቹ እንዳይነኳቸው ስለተባለ የቱትን ማሽን እኔ፣ የኦቲዬኖን ጋሽ ተካ ያዝን። አንዱ ማሽን የተጫወተውን ሌላኛው ላይ እንጽፋለን፤ ሰው እንዲያይ ደግሞ ቱት በእንጨት ሰሌዳ ላይ ጠጠሮቹን ያንቀሳቅሳል። አለቃው፣ ጸጉራቸው የሸበተ ጸጥተኛ ሰው፣ ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው ተቀመጡ። ሹፌሩ ብርሃኔ እንደ ልማዱ ከኋላ ቆሞ ይጮሃል።

«ብረት ከብረት ጋር ሲጣላ እኛ ምን አገባን? ቢራው ይቀዝቅዝ እንጂ!»

«አንተ ብርሃኔ» አሉ ጋሽ ተካ ዓይናቸውን ከማሽኑ ሳያነሱ፣ «ኒሙሌ መንገድ ላይ መኪና ከነጭነቱ ጭቃ ውስጥ የቀበረ ሰው ምክር አይሰጥም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ቱትም ሳቀ። የቱት ማሽን በጥሩ ሁኔታ ይጫወት ነበር። የተቃራኒውን ሁለት ወታደሮችና አንድ ፈረስ በልቶ፣ ንጉሡን ማሳደድ ጀምሮ ነበር። አለቃው አንድ ሁለት ጊዜ ራሳቸውን ሲነቀንቁ ዓይቼ ቱትን በዓይኔ ጠቀስኩት። ዳር ላይ ግን አንድ የኦቲዬኖ ወታደር ማንም ሳይከለክለው ወደ መጨረሻው ረድፍ ይገሰግስ ነበር። የቱት ማሽን ቁብ አልሰጠውም።

ወታደሩ መጨረሻ ደረሰ። ጋሽ ተካ ስክሪኑን አንብበው፣ «ንግሥት ሆነ ይላል» አሉ፣ ግራ በገባው ድምፅ። እኔም ጻፍኩት። በቱት ማሽን ላይ፣ ራሱ ቱት በእንግሊዝኛ ፊደል የጻፈው የአማርኛ ቃል ወጣ፤ «አይቻልም» ይላል። የተሳሳትኩ መስሎኝ አጠፋሁና እንደገና ጻፍኩ። አይቻልም።

«ሰኒ፣ ቀስ ብለሽ ጻፊው» አለ ቱት።

«እየጻፍኩት ነው፤ እንቢ አለኝ።»

«ማሽኑ ኬላ ጠባቂ ሆነ በሉኛ!» አለ ብርሃኔ።

ቱት ሰሌዳውን ተመለከተና ፊቱ በራ። «ትክክል ነው እኮ! አይቻልም። ንግሥታቸው በሕይወት አለች። ሳትሞት ሌላ ንግሥት ከየት ትመጣለች? የሞተባቸው ፈረስ ነው፤ ፈረስ ይውሰዱ።»

«እውነቱን ነው!» ብለው ጮኹ ጋሽ ተካ። «አንድ ንጉሥ ሁለት ንግሥት! ይኼ ምን ዓይነት ጋብቻ ነው?» ሹፌሮቹም በአንድ አፍ ደገፉት። እኔም ደገፍኩት። ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንጫወተው። በየቤታችን፣ በየሰፈራችን፣ ከሳጥን የወጣች አንዲት ንግሥት ብቻ ነበረች፤ ወታደሩ መጨረሻ ሲደርስ ከሞቱት መካከል ይመረጥለታል። ከዚያ ሌላ ሕግ እንዳለ የነገረን ሰው አልነበረም። ቱትም ፕሮግራሙን የፈተነው በእኛ ነው። ያ ሁሉ እሁድ፣ ያ ሁሉ ጨዋታ፣ ስህተቱን ሊያይ የሚችል አንድ ሰው በመካከላችን አልነበረም።

ኦቲዬኖ ከመቀመጫው ተነሥቶ ቱት አጠገብ ቆመ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ቢሆንም ገባኝ። በሕጉ ይቻላል፤ የመጀመሪያዋ ብትኖርም ባትኖርም ሁለተኛ ንግሥት ትወጣለች። ቱት አለቃውን ተመለከተ። አለቃው ሰዓታቸውን አዩ፣ አጭር ነገር ተናገሩ፣ ኮፍያቸውን አነሡ።

«ምን አለ? ምን አለ ሰውዬው?» አሉ ጋሽ ተካ።

ማስተርጎም የቱት ሥራ ነበር። እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ለማንኛውም እንግዳ እንደሚያደርገው ምንም ሳይቀንስ፣ ምንም ሳይጨምር ተረጎመው። «‹ልጁ ጎበዝ ነው፤ ጨዋታውን ግን አያውቅም› አሉ ጋሼ።»

አለቃው ወደ ኮሎሎ፣ ወደ ማረፊያቸው ሄዱ። ደንበኞቹም ተበተኑ። ኦቲዬኖ ግን አልሄደም፤ ጨዋታውን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እያንዳንዱን እርምጃ መልሰን እንየው አለ። ያን ጊዜ እንደ ዛሬው በቀይ የሚቀልም የለም፤ እያንዳንዱን ቦታ ለሁለቱም ማሽኖች በእጅ መስጠትና መጠበቅ ነበር። የኦቲዬኖ ማሽን፣ «እዚህ ላይ ጥቁሩ ተበላሽቷል» ይላል፤ ጥቁሩ የቱት ነው። የቱት ማሽን በዚያው ቦታ ላይ፣ «እየመራሁ ነው» ይላል። አንድ እርምጃ መለስን፤ ያው። ሌላም መለስን፤ ያው። በመጨረሻ ሊያድነው ይችል የነበረውን ቦታ አገኘነው፤ የቱት ንጉሥ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቢል ወታደሩን ይይዘው ነበር። የቱት ማሽን ያንን እርምጃ ዓይቶታል፣ መዝኖታል፣ ጥሎታል። ወታደሩ መጨረሻ ደርሶ አንድ ፈረስ ቢያስመልስ ምን ያመጣል ብሎ ነው። በሚያውቀው ሕግ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ስህተት አልነበረበትም።

በዚህ ዓመት ፕሮግራም የታዘዘውን ብቻ እንደሚሠራ ተምሬአለሁ። ፈተና ላይ ቢመጣ ሙሉ ነጥብ አገኝበታለሁ። ያን ዕለት ግን ቱት ስክሪኑን ሲመለከት፣ ያየሁት ሰው የፕሮግራም ስህተት የሚፈልግ ሰው አይመስልም ነበር።

«ይህንን ሕግ ማን አስተማረህ?» አለው ኦቲዬኖ።

ቱት መልሱን በአማርኛ፣ ለእኔ ነገረኝ። ታላቅ ወንድሙ ኮንግ ነው። ካምፕ ውስጥ ጠጠሮቹን ከማገዶ እንጨት የጠረበው እሱ ነው፤ ጥቁሮቹን በእሳት ለብልቦ ነው ያጠቆራቸው። ሁለተኛ ንግሥት የሚሆን እንጨት አልነበረም። «ሕፃን ሆኜ፣ ወታደሩ ለምን እስከዚያ ድረስ ይሄዳል ብዬ ጠየቅኩት» አለ ቱት። «‹የተማረከውን ሰው ሊያስመልስ ነው፤ ያልተማረከውንማ ምን ብሎ ያመጣዋል?› አለኝ። እውነት መሰለኝ።» ከዚያ ኮንግ አንድ ቀን ከሌሎች ወጣቶች ጋር ድንበሩን ተሻግሮ ሄደ፤ አልተመለሰም። ቱት ጁባ የመጣው ሥራ ፍለጋ ብቻ እንዳልነበረ ያወቅኩት ያኔ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ከየት እንደመጣ፣ በየት በኩል እንዳለፈ የሚጠይቀው ለወሬ ይመስለኝ ነበር።

«የአንድ መስመር ጉዳይ ነው» አለ ኦቲዬኖ። «አስተካክለው። አለቃዬ ረቡዕ ወደ ናይሮቢ ይመለሳል፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ እናሳየዋለን።»

«አንድ መስመር ከሆነማ አጥፋውና ጨርሰው ልጄ!» አሉ ጋሽ ተካ። «ወንድምህም ቢኖር አጥፋ ነው የሚልህ።»

ቱት ላፕቶፑን ታቅፎ ወደ ቤቱ ሄደ። ማክሰኞ ጠዋት ስመጣ ግን ሕጉን አስተካክሎ ነበር። ኦቲዬኖ አጠገቡ ተቀምጦ በሁለተኛ ንግሥት፣ በሦስተኛ ንግሥት ሲፈትነው ማሽኑ አንድ ጊዜም አይቻልም አላለም። ያንኑ የእሁዱን ቦታ ሰጠነው፤ ጥቂት አስቦ ንጉሡን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መለሰ። እኔ እልል አልኩ። ቱት ጣቱን ከቁልፉ ላይ አንሥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

ረቡዕ ዕለት ጋሽ ተካ፣ «አንቺም ሂጂ፣ በእጅሽ የጻፍሽው አንቺ ነሽ፣ ምስክር ትሆኛለሽ» ብለው ላኩኝ። በኦቲዬኖ ፒካፕ ሄድን። የጁባ አውሮፕላን ማረፊያ ያኔ አንድ ጠባብ አዳራሽ ነበር። ሻንጣ፣ ዶሮ፣ ባለሥልጣን፣ የእርዳታ ሠራተኛ ሁሉም በአንድ በር ይጋፋል። አለቃው ቅር ሳይላቸው ላፕቶፑን ሻንጣቸው ላይ አስደግፈው ተመለከቱ። ራሳቸው ጥቂት ተጫወቱበት፤ ወታደራቸውን መጨረሻ ለማድረስ ሲሞክሩ ማሽኑ መንገድ ዘጋባቸው። ፈገግ አሉ።

«አሁን ትክክል ነው» አሉ። «ስህተቱን ያገኘው ማነው?»

«ኢንጂነሩ» አለ ቱት።

«ትክክለኛውን ሕግ የነገረህስ?»

«ኢንጂነሩ።»

«ሲስተካከል አጠገብህ ነበር?»

ቱት መዋሸት ይችል ነበር። ኦቲዬኖም በዓይኑ ለመነው። «ነበሩ» አለ።

አለቃው ላፕቶፑን ቀስ ብለው ከደኑት። በክፋት አልተናገሩም፤ እስከ ዛሬ ልጠላቸው ሞክሬ ያልቻልኩት ለዚህ ነው። ከኦቲዬኖ ጋር ጥቂት ተከራከሩ፣ ከዚያ ስማቸው ተጠራና ወደ በሩ ሄዱ። ፒካፑ ውስጥ ስንገባ ምን እንዳሉ ቱትን ጠየቅኩት። እንደ ወትሮው ቀጥ ብሎ ተረጎመልኝ፤ «‹በእሁዱ ጨዋታ ያየሁት የልጁን ሥራ ነው፤ ዛሬ የማየው የማንን እንደሆነ በምን አውቃለሁ?› አሉ።»

ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ቤተ ሙከራ ውስጥ ሆኜም አሰብኩበት። ያ ሁሉ ዝናብ ካለፈበት ሥራ ውስጥ የቱት መሆኑ የታመነለት ስህተቱ ብቻ ነበር፤ እሱንም በገዛ እጁ አጠፋው። ያኔ መንገድ ላይ ግን ይህን ሁሉ ማሰብ አልቻልኩም። «ሌላ ዓመት ይመጣል» አልኩት። ሌላ ዓመት መጣ፤ ድርጅቱ የትምህርት ወረቀት ያለውን መረጠ። የነጻነቱ ሕዝበ ውሳኔ መጣ፣ ከበሮ ተመታ፣ ባንዲራ ተሰቀለ፣ ቱትም ከሰው ጋር ወጥቶ ጨፈረ። ሲመለስ ሸሚዙ በአቧራ ቀልቶ ነበር፤ አላራገፈውም። ላፕቶፑን ከመቀበያው ሥር ሲከፍት ግን ዳግመኛ አላየሁትም። ብርሃኔ እንኳ መቀለዱን ትቶ፣ «አውጣውና አንድ እንጫወት በቃ፣ እኔ እሸነፍልሃለሁ» ይለው ነበር። ቱት «ካላስ» ይለዋል፤ አለቀ ማለት ነው።

ለሥልጠናው የተላከው ሰው ከወራት በኋላ ተመለሰ። ጥሩ ልጅ ነው፣ ትሑት፤ አዲስ ሰማያዊ የሥራ ልብስ ለብሶ ነበር። የመጀመሪያ ሥራው በእኛው ሆቴል ጣሪያ ላይ አንቴና መትከል ሆነ። መሰላሉ በቀዩ አፈር ላይ ተንሸራተተበትና የሚይዝለት ሰው ጠየቀ። ጋሽ ተካ ጎንበስ ቀና ብለው ሌላ ሰው ሲፈልጉ፣ ቱት ከመቀበያው ጀርባ ወጣ። እጅጌውን ጠቀለለና መሰላሉን በሁለት እጁ ይዞ በትከሻው ደገፈው። ልጁ ወጣ። ወደ ላይ ቀና ብዬ ሳየው ከቆርቆሮው ጫፍ ላይ ሆኖ ሽቦውን እየዘረጋ ነበር።

«ወንድሜ፣ ጠበቅ አድርገህ ይዘኸዋል?» ብሎ በእንግሊዝኛ ጮኸ።

«ይዤዋለሁ» አለ ቱት በአማርኛ። ልጁ ስላልገባው ደግሞ ጠየቀ። ቱት በእንግሊዝኛ ደገመለት።